አሥራ አራት ጊዜ «የለም»

መስከረም 28 ቀን

ከራሳቸው ጉዳይ ይልቅ የሰው ጉዳይ ሲጽፉ ለኖሩት፣ እናትም አባትም ለሆኑኝ ለአክስቴ ይድረስ።

እትዬ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለችው የዛፍ ጥላስ አሁንም ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ከነጠረጴዛዎ ጥላዎት ትሄዳለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ የሰው ሊፍት እየጠገንኩ እኔ በመሰላል እወጣለሁ። ረዥሙም ደህና ነው። ረዥሙ ያልኩዎት አሥር ዓመት አብሮኝ የሠራው ጓደኛዬ ነው፤ በየበሩ ግንባሩን እየመታ እስካሁን ጎንበስ ማለት ያልለመደው።

አሁን ቁጭ ብለው ያንብቡ። ፈቃድ ተሰጠኝ። ከአሥራ ሦስት ዓመት የሰው አገር ኑሮ በኋላ አርባ ቀን ሙሉ እርስዎ ዘንድ ልሆን ነው። ጥቅምት 25 ቀን እነሳለሁ። ወረቀቱን ሲሰጡኝ ከደስታ ብዛት ፊርማዬን ያለቦታው ፈርሜ እንደገና አስጻፉኝ።

እዚህ ወደ ቆላ የሚሄድ ሰው ዝም ብሎ አይነሳም፤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እኔ እንኳ «ወባ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ» ብዬ ነበር። ሐኪሟ ሳቀችና «ይሄን ሁሉ ዓመት ርቀህ ሰውነትህ ትግሉን ረስቶታል፤ አሁን እንደማንኛውም እንግዳ ነው የምትያዘው» አለችኝ። በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ ክኒን አዘዘችልኝ። ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት ይጀመራል፤ ምግብ ተበልቶ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ይዋጣል፤ እዚያ እስካለሁ አይቋረጥም፤ ከተመለስኩም በኋላ አራት ሳምንት ይቀጥላል። ጥቅምት 4 ቀን እሑድ እጀምራለሁ።

ክኒኑን ከማዘዟ በፊት ታዲያ ቅጽ አስሞላችኝ። የሚጥል በሽታ አለብህ ወይ፣ ልብህን ታመህ ታውቃለህ ወይ፣ ይሄስ ያስ እያለ አሥራ አራት ጥያቄ። እኔ ደግሞ የማን ልጅ ነኝ? «ያልተጠየቅኸውን አትናገር፤ የተጠየቅኸውን በአንድ ቃል ጨርስ፤ ወረቀት ላይ የገባ ነገር አንድ ቀን ይዞህ ይቀርባል» እያሉ አይደል ያሳደጉኝ። አሥራ አራቱንም «የለም» ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ሐኪሟ «እንዲህ ያለ ጤነኛ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» ብላ ፈረመች። ቢያዩኝ ይኮሩብኝ ነበር።

ምን ላምጣልዎ? «አንተ ብቻ ና» እንዳይሉኝ። የፍርድ ቤቱን ዘበኛም ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ጭምቱ

ጥቅምት 9 ቀን

ለጭምቱ፣ ደብዳቤው ሲመጣ ጎረቤት ሁሉ ለሚያውቅብኝ ልጄ፤ ጤናህ ይብዛ፣ መንገድህ ይቅና።

ጉልበቴን ጠየቅኸኝ። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ እኔ ነኝ እንጂ አልወጣም ያልኩት። ጥላዋም ያው ናት፤ በአራት ሰዓት ጥላኝ ትሄዳለች፣ እኔም ወንበሬን ይዤ እከተላታለሁ። ደብዳቤህን ያነበብኩት እዚያው ነው። ሁለት ባለጉዳይ ቆመው እየጠበቁ «ልጄ ሊመጣ ነው» ብዬ አስነበብኳቸው። አንደኛው በመሬት ክርክር የመጣ ሰውዬ ክርክሩን ረስቶ መረቀኝ።

ክፍልህን ኖራ አስቀባሁት። አጎበርም ሰቀልንልህ። ዘበኛው ግን በአልጋው ሳይሆን በራሱ ቁመት ለክቶ ስለሰቀለው፣ ትንኝ እንደ ልቧ የምትመላለስበት በር ተወልን። አስፈትቼ እንደገና አሰቀልኩት። እሱም በዚህ ወር ወባ ይዞት ተነሣ። የሦስት ቀን መድኃኒት ተሰጥቶት፣ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው የቀረውን ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ከተተው። «ምነው?» ብለው፣ «ለክፉ ቀን» አለኝ። ክፉ ቀን ማለት ይሄ አይደለም ወይ? ሰዓቱን ጠብቄ እስከ መጨረሻዋ ክኒን እፊቴ አስዋጥኩት።

የሚመጣልኝ ነገር አልፈልግም፤ እንዳትጣላኝ ግን መነጽር አምጣልኝ፤ ቁጥሩን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌዋለሁ።

ሌላው፣ ያ ቅጽ ምን ምን ጠየቀህ? አሥራ አራቱንም ቆጥረህ ጻፍልኝ። የክኒኑንም ስም ከካርቶኑ ላይ እንዳለ ላክልኝ። ለምን እንዳትለኝ፤ ቅጽ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

አክስትህ

ጥቅምት 24 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ፈቃዴን ወደ ታኅሣሥ መጨረሻ ገፉት። ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። ረዥሙ ከአለቃው ጋር ሲያወራ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ። መፍቻዬንም ሁለት ጊዜ ከቦታው አጣሁት።

ክኒኑን አላቋረጥኩም፤ ጀምሮ መተው ጥሩ ስላልመሰለኝ። ሦስት ዋጥኩ፤ ነገ አራተኛው ነው። እንቅልፍ ትንሽ እምቢ ብሎኛል፣ ስተኛም የማየው ሕልም ደስ አይልም። ቀን ቀን ራሴን ያዞረኛል። ድካም ነው።

የካርቶኑን ክዳን ቀድጄ ልኬልዎታለሁ። ጥያቄዎቹን አላስታውሳቸውም። ግን ለምን ጠየቁኝ? ስለ እኔ የጻፈልዎ ሰው አለ? ካለ ይንገሩኝ።

መነጽሩን እገዛለሁ።

ኅዳር 4 ቀን

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፤ ፈጣሪ በያለህበት ይቁምልህ።

ስለ አንተ የጻፈልኝ ማንም የለም። የጻፍክልኝ አንተው ነህ። ፊደልህ ከመስመሩ ወርዷል። ዘበኛውን ሰላም አላልክም። አንድ ቀልድ የለህም። ጓደኛዬ የምትለውን ሰው ስትወነጅለው ሰማሁ። ሠላሳ ዓመት ሰው የማይለኝን ሰምቼ ነው የጻፍኩት፤ ባለጉዳይ ሁሉ ዋናውን ነገር የሚናገረው ወረቀቱን አጣጥፎ ሊሄድ ሲል ነው። አንተ ደግሞ ሳትናገር አጣጥፈህ ሄድክ።

እንግዲህ እኔ ልናገር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት «ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄድኩ» ብለህ ጻፍክልኝ። ማኅተሙ ግን የዚያው የምትኖርበት ከተማ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤህ ውስጥ አንተ አልነበርክም። የት እንደነበርክ ጠረጠርኩ። አልጠየቅኩህም። ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

ለምን እንደፈራሁ ደግሞ ይኸው። እናትህ በትኩሳት ነው የሞተች ያልኩህ ውሸት ነው። አንተን ከወለደች በኋላ አእምሮዋን ታመመች። ሁለት ዓመት ሆስፒታል ተኛች፤ እዚያው ሳለች ሳንባዋን ብርድ መታትና አረፈች። ጎረቤት ያወራውን እኔ ነኝ የሰማሁት፣ አንተ እንዳትሰማው ብዬ ነው ትኩሳት ያደረግሁት። ትምህርት ቤት ስትገባ፣ በኋላም ወደ ውጭ አገር ስትሄድ፣ «በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም አለ ወይ» የሚለው ላይ «የለም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ከዳኛ ፊት የሚቆምን ሰው የማስተምረውን ትምህርት ላንተ ሐኪም ፊት እንድትቆምበት ሰጠሁህ። ሐኪም ዳኛ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስሰማ አድጌ፣ ተረት እየመሰለኝ ኖርኩ። ይቅር በለኝ ልጄ።

የካርቶኑን ክዳን ይዤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ሳጥኑ ውስጥ የምትገኘውን የታጠፈች ወረቀት ዘርግቶ ቃል በቃል አነበበልኝ። ይሄ ክኒን አእምሮውን ታሞ ለሚያውቅ ሰው ለመከላከያ አይታዘዝም። ከጀመረም በኋላ ጭንቀት፣ ክፉ ሕልም፣ ሰውን መጠርጠር፣ ማዞር የመጣበት ሰው ቀጣዩን ሳይውጥ ሐኪሙ ዘንድ መሄድ አለበት፤ ሌላ ይለወጥለታል። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም አለኝ፤ ስንቱን ያዳነ ነው፣ ላንተ ግን አይሆንም። «እንግዲያው ይተወውና ባዶውን ይምጣ» ብለው ተቆጣኝ። «እትዬ፣ ወባው ደግሞ ይግደለው ነው የሚሉት? የሚስማማውን ያዘዘለት ሐኪም ይቀይርለት እንጂ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለት እሳት መሐል አትቁምብኝ።

ታች ያለው ማመልከቻ ያንተ ነው። ወደዚያ አገር ቋንቋ አንተው መልሰው። ለሐኪሟ እስክታሳያት ድረስ መሰላል ላይ እንዳትወጣ፤ በእናትህ አጥንት ለምኜሃለሁ።

«ጉዳዩ፦ ቀድሞ የሰጠሁትን ቃል ስለማረም

እኔ አመልካች ለጉዞ መድኃኒት ሊታዘዝልኝ በቀረብኩ ጊዜ በቅጹ ላይ ለአሥራ አራቱም ጥያቄዎች የሰጠሁት ቃል ትክክል አልነበረም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አእምሮዬን ታምሜ ነበር። የወለደችኝ እናትም በዚህ ሕመም ሁለት ዓመት ተኝታለች። ክኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ሰው ይጠላኛል እላለሁ፤ ራሴን ያዞረኛል፤ ሥራዬም ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ቆሞ የሚስማማኝ እንዲታዘዝልኝ አመለክታለሁ። ይህን የደበቅሁት ሐኪሜን ለማታለል ሳይሆን፣ ያሳደገችኝ ሴት እንዲህ ስላስተማረችኝ ነው። አጥፊዋ እርሷ ናት።»

ስንት ሺህ ማመልከቻ ጽፌ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም ነበር። በፈጣኑ ፖስታ ልኬዋለሁ።

አክስትህ

ኅዳር 22 ቀን

ልጄ፣ ሰላምህ ይድረሰኝ።

ዛሬም ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። ሣጥኑ ባዶ ነው። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዙሬ ከፈትኩት፣ አንዴ ከፍቼ ያላየሁት ነገር ያለ ይመስል። ኅዳር 18 ቀን ቴሌ ሄጄ ባለፈው ዓመት የላክኸውን የቤትህን ስልክ ቁጥር አስደወልኩ። አንዲት ሴትዮ አንስታ በማላውቀው ቋንቋ ተናገረችኝ። እኔም የማውቀውን ነገርኳት፤ «ጭምቱ፣ ጭምቱ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል። መስመሩ ተቆረጠ።

የእናትህን ነገር ስለነገርኩህ ተቀይመህ ከሆነ ተቀየመኝ፤ እስከፈለግህ ድረስ ተቀየመኝ። ብቻ አንዲት መስመር ጻፍ። ዘበኛው «መንገድ ላይ ነው፣ ለዛ ነው ያልጻፈ» እያለ ያጽናናኛል። እሱ እንኳ ሲዋሽ ያስታውቅበታል።

አክስትህ

ኅዳር 24 ቀን

ለእትዬ፣ ሳልነግራት ለሰማችኝ እናቴ።

አለሁ። መጀመሪያ ይሄን ያንብቡና ይተንፍሱ። አለሁ፣ ደህና እየሆንኩ ነው።

ደብዳቤዎ ኅዳር 10 ቀን ሰኞ ደረሰኝ። አንብቤው ተቆጣሁ፤ አልዋሽዎትም። «እሷም ከእነሱ ጋር ናት» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ከዚያ በፊት ባለው እሑድ ስድስተኛውን ክኒን ውጬ ነበር።

ማክሰኞ ሥራ ገባን። በስድስተኛውና በሰባተኛው ፎቅ መካከል ሊፍቱ ጣሪያ ላይ ቆሜ ገመዱን እየመረመርኩ ሳለ ግድግዳው መዞር ጀመረ። ተቀመጥኩ። ረዥሙ ከላይ ሆኖ ማብሪያውን ሊነካው ነው፣ ሊደፈጥጠኝ ነው ብዬ አመንኩ፤ እትዬ፣ እርስዎን እንደማምነው ያህል አመንኩ። ልነሳና ልሸሽ ስል እግሬ ጠርዙ ላይ ደረሰ። እሱ ግን የሊፍቱን ኃይል አጥፍቶ፣ በዚያ ቁመቱ በዚያች ጠባብ በር ተሽሎክሉኮ ወርዶ፣ ቀበቶዬን በሁለት እጁ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ሊደፈጥጥ የፈለገ ሰው ቀበቶ ይዞ አጠገብ አይቀመጥም። ያኔ የጻፉልኝ ትዝ አለኝ፤ «ጓደኛዬ የምትለውን ሰው»።

ከዚያ ቤት አስገባኝ፤ ከመሳቢያው አውጥቼ ማመልከቻውን ቃል በቃል ተረጎምኩት። ረቡዕ አብሮኝ ሄደ። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ «ማናት ይሄን የጻፈችው?» አለችኝ። ነገርኳት። «አጥፊዋ እርሷ ብቻ አይደለችም፤ እኔም በወረቀት ብቻ ከምጠይቅህ ዓይንህን አይቼ በአፌ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር» አለችኝ።

ክኒኑን ወዲያው አስቆመችኝ። ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት እንደሚፈጅበት፣ እስከዚያ ስሜቱ እየመጣ ቢሄድ እንዳልደነግጥ ነገረችኝ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ያከመኝ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን ላከችኝ። አዎ እትዬ፣ ሥልጠና አልሄድኩም። ስድስት ሳምንት ተኝቼ ነበር። ያን ጊዜ የጻፍኩልዎት ሁሉ ከሆስፒታል አልጋ ነው። ሐኪሙ አልረሳኝም፤ «አሁን ሳይብስብህ ቀድመህ መጣህ፤ ያኔ ግን በሰው ተይዘህ ነበር የመጣኸው» አለኝ።

ለጉዞው በየቀኑ የሚዋጥ ሌላ ዓይነት መረጡልኝ፤ ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ይጀመራል፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከምግብ ጋር ይዋጣል፣ ከተመለስኩ በኋላ ሰባት ቀን ይቀጥላል። አጎበሩ ግን የትኛውንም ብወስድ አይቀርም ብለውኛል፤ ዘበኛውን በአልጋው ቁመት ይበሉልኝ። አሁን ግን አትነሳም፣ መጀመሪያ ሰውነትህ ይረፍ አሉኝ። ጥር አጋማሽ ላይ ይታያል። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ነበር ሁሉን የደበቅሁት። አላባረሩኝም። ታች ወርክሾፕ ቁጭ ብዬ የሊፍት ቁልፎች እጠግናለሁ፤ የፎቅ ቁጥር እየጻፍኩ እውላለሁ።

ስልክ የደወሉ ጊዜ ረዥሙ ቤት ነበርኩ፤ ብቻህን አታድርም ብሎ ወስዶኝ። አከራዬ ስመለስ «አንዲት ሴት እያለቀሰች አንድ ቃል ብቻ ደጋግማ ነገረችኝ፣ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ስሜ ነው» አልኳት።

አልተቀየምኩም። አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። እናቴ ሳትታመም ምን ዓይነት ሰው ነበረች?

ልጅዎ

ታኅሣሥ 6 ቀን

ለልጄ፣ ከሞት አፋፍ በቀበቶው ተይዞ ለተመለሰልኝ።

ረዥሙን በእኔ ስም ጉልበቱን ሳምልኝ። ግንባሩ ላይ የሚደርስ ቢገኝ ግንባሩንም።

እናትህ የወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ነበር የምትሠራው። ቅንድቧ ሁልጊዜ ዱቄት ነው። ስትስቅ ጭኗን ትመታለች፣ ያጠገቧን ሰው ጭን ጭምር። ትዘፍናለች፣ ድምፅ ግን አልሰጣትም፤ ብንነግራትም አትሰማም። እንሽላሊት ካየች ወንበር ላይ ትወጣለች፣ ከባለሀብት ጋር ግን ሚዛን ላይ ስትከራከር ማንንም አትፈራም። አንተን ስታጥብህ ጣቶችህን አንድ በአንድ እየቆጠረች ነበር፤ አሥር ሲሞሉላት ሁልጊዜ እንደ አዲስ ደስ ይላታል። ስትታመም ወፍጮው በተዘጋበት ቀን ድምፁ ይሰማኛል ትል ጀመር። ሆስፒታል ስጠይቃት የምትለኝ አንድ ነበር፤ «ልጁ በላ?» ያን ሁሉ ዓመት ይሄን ከልክዬሃለሁ። ሕመሟን የደበቅሁ መስሎኝ እሷን ራሷን ደበቅሁብህ።

ትናንት አንዲት ሴትዮ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጣች። ልጇ አእምሮውን ታሞ ሁለት ወር ከሥራ ቀርቷል፤ መሥሪያ ቤቱ ሊያሰናብተው ነው። «ጨጓራውን ነው በሉልኝ» አለችኝ በለሆሳስ። ድሮ ቢሆን እጽፍላት ነበር፣ ያውም አሳምሬ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና፣ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እየሰሙ፣ «እህቴም ይሄው ሕመም ነበረባት፤ ያሳደግሁት ልጅም ይሄው ሕመም አለበት» አልኳት። ዘበኛው እንኳ ከበሩ ዞሮ አየኝ። ሴትዮዋ ግን «የእርስዎ ልጅ አሁን እንዴት ነው?» አለችኝ። «እየታከመ ነው፤ ሥራውም አለ፤ በጥር ይመጣል» አልኳት። በርጩማዋን ወደ እኔ አስጠጋችና «በሉ እንግዲያው እንዳለ ይጻፉት» አለች።

ያንተን ነገር ሳላስፈቅድህ በአደባባይ ተናገርኩ። ከተቆጣህ በደብዳቤ አይሆንም፤ መጥተህ ተቆጣኝ።

አክስትህ